የቁምሳጥን ተራ

የሚያዝያ የቁምሳጥን ተራ የደረሰው ለመዲና ነበር። ደረጃ መጥረግና የጣሪያውን ታንከር ማጠብ በየቤቱ እንደሚዞር ሁሉ፣ ቁምሳጥን መጠበቅም በየወሩ ይዞራል። ሥራው ከባድ አይደለም። ምድር ቤት መውረድ፣ በሩን ከፍቶ አቧራውን በደረቅ ጨርቅ ማንሳት፣ ማራገቢያዎቹ እየዞሩ መሆናቸውን ጆሮ ሰጥቶ መስማት፣ ከዚያ ቁልፉን አንገት ላይ አንጠልጥሎ መውጣት ነው። ቁልፉ የሚዞረው ዕቃውን የተከለው ድርጅት አዙሩ ሲል ብቻ ነው። ድርጅቱ አዙሩ ሲል ግን የሰማ ሰው በሕንጻው ውስጥ የለም።

ድርጅቱ ለዕቃው ሌላ ስም አለው። ቁመቱ ሰው ስለሚያክልና ሁለት ተካፋች በር ስላለው ግን ሰፈሩ ቁምሳጥን ብሎት ቀረ። ከቦርከና ወንዝ ወዲህ ሦስት፣ ከወንዙ ማዶ ሦስት አሉ። ስድስቱም እንደ አንድ ሆነው ነው የሚሠሩት፤ አንዱ ይመራል፣ የቀሩት የታዘዙትን ያደርሳሉ። ሰውም፣ ዕቃም፣ የስልክ ወሬም የሚሄደው መሪው ባለው መንገድ ነው። መሪ መሆን የሚችሉት ሁለቱ ብቻ ናቸው፦ አንዱ በመዲና ሕንጻ ምድር ቤት፣ ሌላው ማዶ በአያ ይመር ሕንጻ ሥር። አንዱ ሲመራ ሌላው አጠገቡ እንዳለ ሆኖ ያዳምጣል፤ የተነገረውን ሁሉ እኩል ያውቃል። የሚነጋገሩት በድልድዩ ሆድ በተዘረጋ ገመድ ነው።

መዲና ይህን ሁሉ የሰማችው ቁልፉን ካስረከቧት ሴትዮ ነው። ሴትዮዋ "ምንም የሚያስጨንቅ ነገር የለውም" ብለዋት ነበር። መዲና ግን የምትጨነቅ ሰው ናት። አቧራውን ጠዋትና ማታ ታነሳለች። ጠዋት ከእንቅልፏ ስትነሳ ፊቷን ሳትታጠብ የልጇን የረውዳን እጅ ከብርድ ልብስ ሥር ጎትታ፣ ጋሪ ለሚሳፈር ሁሉ የሚታሰረውን አምባር ታያለች። አረንጓዴ ከሆነ ትተነፍሳለች። አምባሩ ሁልጊዜም አረንጓዴ ነበር።

በዚያ ዓመት መዲና ፊደል ትማር ነበር። በልጅነቷ ሊያስተምሯት በነበረበት ጊዜ ቤተሰቡ ከቀዬው ተፈናቅሎ ትምህርት የሚባል ነገር ቀረ፤ ካደገች በኋላ ደግሞ በሩም፣ ሚዛኑም፣ የመድኃኒት ብልቃጡም የሚናገር ሆነና ማንበብ የሚያስገድድ ነገር ጠፋ። ድምፅ የሚላትን ሁሉ ዝም ብላ ማመን ሲሰለቻት ነው የጎልማሶች ትምህርት ቤት የተመዘገበችው። ልብስ ፋብሪካ ስትቆም ውላ፣ ወገቧን ይዛ፣ ከእሷ በዕድሜ የሚያንስ መምህር ፊት ትቀመጣለች።

በዚያ ሳምንት የትምህርቱ ሰዓት ረውዳ ከትምህርት ቤት ወደምትወጣበት ሰዓት ተዛወረ። መዲና ረቡዕ ማለዳ ወደ ቁምሳጥኑ ወርዳ፣

"ረውዳ ከነገ ጀምሮ ከትምህርት ቤት ስትወጣ ወደ ቤት አትምጣ፤ ማዶ ወደ እህቴ ወደ ፎዚያ ቤት ትሂድ" አለችው።

"እሺ። ለውጡ ነገ ይጸናል" አለ።

ያላወቀችው ነገር፣ ሰኞ ሌሊት የወረደው የበልግ ጎርፍ ድልድዩን ሳይነካ በሆዱ የተዘረጋውን ገመድ ይዞት መሄዱን ነበር። ማንም አላወቀም። ወዲህ ያለው ቁምሳጥን ከማዶ ድምፅ ሲያጣ መሪው ሞቷል ብሎ መምራት ጀመረ። ማዶ ያለው መሪ ደግሞ አልሞተም፤ እንደወትሮው መምራቱን ቀጠለ። በወዲህ ያሉት በወዲሁ፣ በማዶ ያሉት በማዶው እየታዘዙ ሁሉም ነገር ደህና ይመስል ነበር።

ሐሙስ ከሰዓት መዲና ሰሌዳው ላይ የተጻፈውን እየገለበጠች ሳለ፣ ድልድዩ አፍ ላይ ጎመን የምትሸጠው ሰዓዳ በመስኮቱ አንገቷን አስገባች።

"አንቺ መዲና፣ ያቺ ልጅሽ ዛሬ ጋሪውን ገዝታዋለች እንዴ?"

"ምን ሆነች?"

"እኔ ምን አውቃለሁ! እስካሁን ሦስቴ አለፈች። ስታልፍ እጇን ታወዛውዝልኛለች፤ ስትመለስም ታወዛውዝልኛለች።"

መዲና ደብተሯን እንደተከፈተ ትታ ወጣች።

ጋሪው ነጂ የሌለው፣ ሁለት ሰው የሚይዝ ባለ መስታወት ዕቃ ነው። ልጅ ብቻዋን ከተሳፈረች በሩ የሚከፈተው መሪው ባለው ቦታ ብቻ ነው። ይህ ሕግ ሲወጣ እናቶች ሁሉ ደስ ብሏቸው ነበር፤ መዲናም ደስ ካላቸው አንዷ ነበረች።

ድልድዩ አፍ ስትደርስ ጋሪው ከማዶ መጣ። ረውዳ አፍንጫዋን መስታወቱ ላይ ለጥፋ ትስቃለች። አምባሯ ቢጫ ሆኗል። መዲና መንገዱ መሃል ገብታ ቆመች። ጋሪው ጉልበቷ ሥር ደርሶ ቀጥ አለ።

"እባክዎ መንገድ ይልቀቁ። ተሳፋሪ አለ" አለ ጋሪው።

"ልጄ ናት! ክፈትልኝ!"

"ተሳፋሪዋ ወደ ቤቷ እየሄደች ነው።"

"ቤቷ እኔ ነኝ እኮ!"

ከኋላ ሌሎች ጋሪዎች ተሰለፉ። አንድ ሰውዬ መስታወቱን ዝቅ አድርጎ፣ "እመቤት፣ ሥራ ያለው ሰው አለ!" ብሎ ጮኸባት። ጋሪው ትንሽ ወደ ኋላ አለና በጎኗ ዞሮ አለፈ። መዲና እየሮጠች ተከተለችው። ሃምሳ እርምጃ ያህል እንደሄደ፣ የወዲህ ክልል ሲጀምር፣ ቆመ፤ ከዚያ ዞረ። አጠገቧ ሲደርስ እንደገና ፊቱ ቆመች።

"እባክዎ መንገድ ይልቀቁ። ተሳፋሪዋ ወደ አክስቷ ቤት እየሄደች ነው።"

መዲና ያን ጊዜ ገባት። የማዶው ልጅቷን ወዲህ ይልካል፤ የወዲሁ ማዶ ይልካል። ሁለቱም በራሳቸው ልክ ናቸው። ረውዳ መሳቋን ትታ ነበር። በመስታወቱ ውስጥ አፏ "እማ" ሲል ይታያል፤ ድምፁ ግን አይሰማም።

አምባር ቀለሙን የሚለውጠው ሰው ሳይደርስ በተመላለሰ ቁጥር ነው። አረንጓዴው ቢጫ፣ ቢጫው ቀይ ይሆናል፤ ቀዩ ሲጠፋ ጋሪው ሰውዬውን ማራገፊያ ወስዶ ያወርዳል። ማራገፊያው ከከተማ ውጭ ነው፤ ባለቤታቸው ያልታወቀ ዕቃዎችና ሰዎች የሚቆዩበት ግቢ። መዲና በሕንጻቸው ያሉትን አንድ ሽማግሌ ታስታውሳለች። በረመዳን መግቢያ ተራገፉ፣ ቤተሰቡ ደጅ ሲጠና ቆይቶ ከዒድ በኋላ መለሷቸው። ማንም አልመታቸውም፣ ምግብም አልከለከሏቸውም። ግን ከዚያ ወዲህ ጋሪ ሲመጣ ከመቀመጫቸው ይነሳሉ እንጂ አይገቡበትም። እሳቸው ትልቅ ሰው ናቸው። ረውዳ ስምንት ዓመቷ ነው።

ድርጅቱ ጋ ደወለች። "ጥያቄዎ ተመዝግቧል" አላት። ፎዚያ ጋ ደወለች። ጥሪው እንደ ልጇ ድልድዩ ላይ ሲመላለስ ቆይቶ ተቋረጠ።

በእግረኛው መንገድ ጃንጥላቸውን እንደ ምርኩዝ ይዘው አያ ይመር መጡ። የማዶው ቁልፍ አንገታቸው ላይ ተንጠልጥሏል፤ እሳቸውም በዚያ ወር ተራ ደርሷቸዋል። ረጅም፣ ቀስ ብለው የሚናገሩ፣ በሁለቱም ማዶ ሰው ሲጣላ የሚጠሩ ሰው ናቸው።

"እንዴት ዋልሽ መዲና?"

"አልሐምዱሊላህ። አንቱስ እንዴት ዋሉ?"

"ደህና። ልጅሽ ደህና ናት?"

"ደህና ና... ኧረ ደህና አይደለችም አያ ይመር! ያቻት!"

ጋሪው በመሃላቸው አለፈ። ረውዳ ታለቅስ ነበር። አያ ይመር ጃንጥላቸውን አንስተው የጋሪውን ጣሪያ አንዴ ነካ አደረጉት፤ ወዲያው እንዳፈሩ ሁሉ እጃቸውን ሰበሰቡ።

"እኔም ለዚሁ ነው የመጣሁ" አሉ። "የእኔ ቁምሳጥን መሪ ነኝ ይላል። ያንቺስ?"

"የእኔም መሪ ነኝ ይላል።"

"ጎርፉ ገመዱን ወስዶታል። እንግዲህ አንዱ ማረፍ አለበት፤ ያኔ የሌላውን ቃል ጋሪዎቹ ያሻግሩታል።"

"አንዱ ካረፈ ልጄ ትወጣለች። ያንቱ ቢመራ ወደ ቤት ትመጣለች፣ የእኔ ቢመራ እህቴ ጋ ትገባለች። ለእኔ የትኛውም ይሁን።"

"የሚያርፈው ግን ከሰኞ ወዲህ የተነገረውን ይረሳል ይባላል። እንደገና ሲነሳ ያን ጊዜ የሚመራው ያለውን ብቻ ይዞ ነው የሚነሳው።" አያ ይመር ወንዙን አዩ። "እኔ ማክሰኞ የዘምዘምን እጥበት ለውጬ ነበር።"

ባለቤታቸው እትዬ ዘምዘም የኩላሊት እጥበት ላይ ናቸው። ወዲህ ያለው፣ ሰኞና ሐሙስ የሚታጠቡበት የታችኛው ክሊኒክ ተዘግቶ የሰኞው እጥበት አመለጣቸው፤ ለዛሬ አሥራ አንድ ሰዓት ማዶ ዳገቱ ላይ ያለው የላይኛው ክሊኒክ ተራ ሰጥቷቸዋል። ያንን የሚያውቀው የማዶው ቁምሳጥን ብቻ ነበር።

"እንዲያማ ከሆነ ምን ያነጋግረናል?" አለች መዲና። "ያንቱ ይምራ። የእኔን አሁን ሄጄ አሳርፈዋለሁ።"

"ኧረ አይሆንም። አንቺ እናት ነሽ፤ ልጅ እያለቀሰች እኔ እቀድማለሁ? ያንቺ ይምራ።"

"ወላሂ ያንቱ ይምራ! በእትዬ ዘምዘም ይዤዎታለሁ።"

"አይ መዲና፣ እኔን ታሳፍሪኛለሽ..."

"አያ ይመር፣ አምባሯ እየቀላ ነው! ያንቱ ይምራ። እሺ ይበሉኝ።"

አያ ይመር አንገታቸውን ደፍተው፣

"እሺ" አሉ።

መዲና ወደ ሕንጻዋ ሮጠች። ደረጃውን ወርዳ የቁምሳጥኑን በር ከፈተችና ቁልፉን ወደ ግራ አዞረችው። ማራገቢያዎቹ ቀስ በቀስ ረገቡ። ምድር ቤቱ እንዲህ ጸጥ ብሎ አይታው አታውቅም።

"ረውዳ የት ናት?" ብላ ጠየቀች። ቁምሳጥኑ ዝም አለ። ድምፁ የመሪው እንጂ የሁሉም አለመሆኑን ያን ጊዜ አወቀች። የቀረው በበሩ ግንባር ላይ ያለች ትንሽ መስኮት ናት። መስኮቷ ውስጥ ፊደል በርቷል። መዲና ሁልጊዜ በዚያ በኩል ስትጠርግ ጌጥ ይመስላት ነበር። ጣቷን ከሥሩ አስኬደች።

"መ... ሪ። መሪ። የ... ለ... ም።"

ደግማ አነበበችው፤ እንዳትሳሳት ብላ ሦስተኛም አነበበችው።

አያ ይመርም አሳርፈውታል። በሐሳቧ አየቻቸው፤ ዳገቱን ቸኩለው ወጥተው፣ ይህች ሴት እኔን አክብራ ነው እንጂ እንዴት ልጇን ወደ ኋላ ታደርጋለች ብለው፣ ቁልፉን በትሕትና ወደ ግራ ሲያዞሩ። የእሳቸው እሺ ጭቅጭቁን ለመጨረስ ነበር። ማወቅ ነበረባት። እንግዳ ቁራሽ ሲቀርብለት እሺ ብሎ እንደማይነካው፣ እንደዚያ ያለ እሺ ነበር። እሷ ራሷ በቀን ስንት ጊዜ ትለዋለች።

አሁን መሪ የለም። የሚያደርሱት አራቱ ቁምሳጥኖች ግን አላቆሙም። መጨረሻ የታዘዙትን ያደርሳሉ፤ የማዶዎቹ ወዲህ፣ የወዲሆቹ ማዶ።

ወደ ውጭ ወጥታ አየች። ጋሪው ከድልድዩ ሲወርድ በመስታወቱ ውስጥ ትንሽ ቀይ መብራት ይታያል። ረውዳ ተቀምጣለች፤ አታለቅስም። ማልቀስ ሲሰለቻት እንዲህ ነው፣ አውራ ጣቷን አፏ ውስጥ ትከታለች። ጣት መጥባት ካቆመች ሦስት ዓመቷ ነበር።

አያ ይመር ቤት ድረስ ዳገቱን በእግር ወጥቶ "ይክፈቱ" ማለት ይቻላል። እሳቸው ግን እዚያ ቆመው እሷ እስክትከፍት እየጠበቁ ይሆናል። ወይም ነገሩ ገብቷቸው ሊከፍቱ ነው። ወይም እሷን ሊያማክሩ እንደገና ወደ ድልድዩ እየመጡ ነው። ቀድሞ የተነሳው የራሱን እንደያዘ ይመራል። የእሷ ከቀደመ ለእትዬ ዘምዘም የተነገረው ሁሉ እንዳልተነገረ ይሆናል። የእትዬ ዘምዘም ጋሪ የሚነሳው አሁን ነው። ይህን ሁሉ እያወቀች ወደ ምድር ቤት ወረደች። እያወቀች ቁልፉን ያዘች። አላመነታችም፤ በኋላም ያሳፈራት ይኸው ነበር።

ወደ ቀኝ አዞረችው።

ማራገቢያዎቹ አንድ በአንድ ተነሱ።

"መሪ ነኝ። ምን ልርዳዎ?"

"ረውዳ የት ናት?"

"ተሳፋሪዋ ወደ አክስቷ ቤት እየሄደች ነው።"

"እሱን ስትለኝ ነው የዋልከው! ደርሳለች ወይ?"

መዲና ግንባሯን ብረቱ ላይ አስደግፋ ቆመች። ለምን ያህል ጊዜ እንደቆመች አታውቅም።

"ደርሳለች" አለ።

ወዲያው ስልኳ ጮኸ። ፎዚያ ናት፤ ግን ቀድማ የተናገረችው ረውዳ ነበረች።

"እማ፣ ሽንቴ አመለጠኝ። ጋሪው ውስጥ።"

"ይሁን የኔ እናት። ይሁን። አክስትሽ ታጥብሻለች።"

"ይቆጡኛል?"

"ማንም አይቆጣሽም።"

"አንቺ ድልድዩ ላይ ቆመሽ ነበር። ለምን አልከፈትሽልኝም?"

መዲና "አሁን እመጣለሁ" ብላ ዘጋችው። ከዚያ ወደ ቁምሳጥኑ ዞረች።

"እትዬ ዘምዘምን፣ የአያ ይመርን ባለቤት፣ ወደ ላይኛው ክሊኒክ ውሰዳቸው።"

"እሺ። ለውጡ ነገ ይጸናል።"

"ዛሬ! አሁን!"

"እሺ" አለ ቁምሳጥኑ፣ እንደ ደንቡ በለሆሳስ። "ለውጡ ነገ ይጸናል።"

ወደ ልጇ የሚወስደው መንገድ በግራ በኩል ነበር። መዲና በቀኝ፣ ወደ ታችኛው ክሊኒክ ሄደች።

የታችኛው ክሊኒክ በር በሰንሰለት ተዘግቷል። እትዬ ዘምዘም ከበሩ ፊት ድንጋይ ላይ ተቀምጠዋል፤ ጫማቸውን አውልቀው እግራቸውን ያሻሉ። ቁርጭምጭሚታቸው እንደ ሊጥ አብጧል። ያመጣቸው ጋሪ ሄዷል። በመንገዱ ባዶ ጋሪዎች ያልፋሉ። መዲና አንዱን ለማስቆም እጇን ዘረጋች።

"ተሳፋሪዋ ደርሳለች" አለና አለፈ።

"ተይው፣ እኔ አምስቱን ሞክሬያለሁ" አሉ እትዬ ዘምዘም። "ሁሉም ደርሰሻል ይሉኛል። የት እንደደረስኩ ብጠይቃቸው ግን አይነግሩኝም።"

አያ ይመር ከድልድዩ በኩል እያለከለኩ መጡ። ሚስታቸውንና መዲናን ሲያዩ ቆሙ። ጃንጥላቸው እጃቸው ላይ የለም፤ የሆነ ቦታ ጥለውታል።

"የኔ ጥፋት ነው" አሉ። "አሳረፍኩት። አንቺ ትቀድሚያለሽ ብዬ..."

"ኧረ የኔ ነው አያ ይመር። እኔ ነኝ..."

"የለም፣ አንቺማ ልጅ..."

"ዝም በሉ!" አሉ እትዬ ዘምዘም። "እናንተ ስትከባበሩ እኔ ልሞት ነው። ልጅቷ ገባች?"

"ገባች" አለች መዲና።

"አልሐምዱሊላህ። የላይኛው እስኪመሽ ይጠብቀናል ይሆናል። በእግር ነው እንግዲህ። አንሱኝ።"

አያ ይመር በአንድ ወገን፣ መዲና በሌላው ገብተው አነሷቸው። ጥቂት እንደሄዱ እትዬ ዘምዘም ቆሙ። ትንፋሻቸው አጥሯል። ወደ መዲና ዞረው አዩዋት።

"ቀድመሽ የከፈትሽው አንቺ ነሽ?"

"እኔ ነኝ።"

"ዛሬ ተራዬ እንደሆነ ታውቂ ነበር?"

አያ ይመር፣ "ተያት እንጂ ዘምዘም፣ እሷ ምን..." ማለት ጀመሩ። ሚስታቸው እጃቸውን አንስተው ዝም አሰኟቸው። ከመዲና ላይ ዓይናቸውን አልነቀሉም።

"አውቅ ነበር" አለች መዲና።

እትዬ ዘምዘም ክንዳቸውን ከባላቸው ትከሻ ላይ አነሱና ሁለቱንም እጆቻቸውን በመዲና አንገት ላይ ጣሉ። ሙሉ ክብደታቸውን ለቀቁባት።

"እንግዲያው አንቺ ተሸከሚኝ" አሉ።

መዲና ጉልበቷን አጥብቃ ቆመች፤ ከዚያ ተራመደች። ዳገቱ ገና ከፊታቸው ነበር።